መሬት በዓመት ሲለካ

ምዕራፍ 7

ሰኔ ሲገባ ወደ ገጠር ወጣ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሊያጋጥመው ይችላል። አንድ ገበሬ ያንኑ ጥንድ በሬ ጠምዶ በአንድ ሳምንት ሁለት ማሳ ያርሳል። አንደኛው በስሙ የተመዘገበ የራሱ ይዞታ ነው። እርከኑ በድንጋይ ተጠናክሯል፤ ወሰኑ ላይ ጌሾ በቅሏል፤ ከበረት የተጋዘ ፍግ ተበትኖበታል። ሌላው ባሏ ከሞተባት ጎረቤቱ እኩል የያዘው ነው። እዚያ እርከኑ ተንዷል፤ ጎርፉ የቆፈረው ቦይ ማሳውን ለሁለት ከፍሎታል፤ ዛፍ የሚባል ነገር የለም። ሰውየው ያው ነው፤ ሞፈሩም ያው፤ ዝናቡም ያው።

ሰነፍ ነው እንዳንል የራሱን ማሳ አይተናል። አያውቅም እንዳንል እርከን አሠራር ለብዙዎቻችን ያስተምራል። ልዩነቱ ዳር ላይ ቆሞ በማየት አይገኝም። በመጀመሪያው ማሳ ላይ ከ10 ዓመት በኋላም እኔ ወይም ልጄ እናርሰዋለን ብሎ ያምናል። በሁለተኛው ላይ ግን የመጪው ዓመት እንኳ በሴትዮዋ ፈቃድና በወንድሞቿ ምክር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ፍግ የሚያግዘው ገበሬ ፍጉን የሚያፈሰው አፈር ላይ ብቻ አይደለም፤ በሚመጡት ዓመታት ላይ ነው።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ እነዚያ ዓመታት ናቸው። የሕዝብ የሆነ መሬት ለገበሬ ሲሰጥ ወይም ሲከራይ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው ምንድን ነው? በእኔ እምነት ጊዜ ነው፤ በቁጥር የተወሰነ ወይም ያልተወሰነ፣ የታመነ ወይም ያልታመነ ጊዜ።

ከገመዱ የተመዘዘው ክር

በምዕራፍ 4 ባለቤትነትን ከተገመደ ገመድ ጋር አመሳስለን ነበር። ከሩቅ አንድ ይመስላል፤ ሲፈቱት ብዙ ክር ነው። ማረስ አንድ ክር፣ ማከራየት አንድ ክር፣ ለልጅ ማውረስ አንድ ክር፣ መሸጥ አንድ ክር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት በሙሉ የሕዝብ ሲያደርግ ጭሰኝነትን ከሥሩ ነቀለ፤ የአንድ ቤተሰብ ድርሻም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ከገበሬው ገመድ ግን ብዙ ክር መዘዘ። መሸጥ፣ ማስያዝ፣ ማከራየት ሁሉም ተከለከለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን አጸና። ከዚያ ወዲህ የወጡት የገጠር መሬት አዋጆች የኪራዩን ክር ለገበሬው መለሱለት፤ የመሸጡ ክር ግን በመንግሥት እጅ እንዳለ ነው።

መሸጥ በማይቻልበት አገር ሰዎች ስለ መሬት የሚስማሙት ሁሉ በዓመት ይነገራል። ዛሬ ሦስት ዓይነት ውል እናያለን። የመጀመሪያው በመንግሥትና በገበሬው መካከል ያለው ነው። ገበሬው መሬት በነፃ የማግኘትና ያለመፈናቀል መብት አለው፤ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ የአርሶ አደሩና የአርብቶ አደሩ የመጠቀም መብት የጊዜ ገደብ እንደሌለው ደንግጎ ነበር። ሁለተኛው በመንግሥትና በባለሀብቱ መካከል ያለው ነው፤ ባለሀብቱ እየከፈለ ለተወሰነ ዘመን ይይዛል። ሦስተኛው በገበሬና በገበሬ መካከል ያለው ነው፤ የዓመቱን ጣሪያ የሚወስነው የየክልሉ ሕግ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ አዋጅ ለምሳሌ ገበሬው ከይዞታው እስከ ግማሹን እንዲያከራይ ፈቅዶ፣ በተለመደው መንገድ ለሚያርስ ተከራይ 3 ዓመት፣ በዘመናዊ መንገድ ለሚያለማ 15 ዓመት ብሎ ከልሏል። አማራ ክልል በ1998 ዓ.ም. አዋጁ እስከ 25 ዓመት ሄዷል።

3፣ 15፣ 25። አንባቢ እነዚህን ቁጥሮች የሕግ ባለሙያ ጉዳይ ናቸው ብሎ እንዳያልፋቸው እለምናለሁ። አንድ ቀበሌ ውስጥ ምን እንደሚበቅል የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ተከራይ አንስቶ የሚሄደው

ከተማ ውስጥ ግቢ ገብቶ አንድ ክፍል የተከራየ ሰው ምን ይገዛል? አልጋ፣ ቴሌቪዥን፣ ምድጃ፣ ምንጣፍ ይገዛል። አከራዩ ልቀቅ ባለው ቀን ጋሪ ጠርቶ ጭኖ የሚሄደውን ነው። ጣሪያው ቢያፈስ ባልዲ ያስቀምጥበታል እንጂ ቆርቆሮ አይቀይርም። ግቢው ውስጥ ዘይቱን አይተክልም። እንዲህ የሚያደርገው ቤቱን ጠልቶ አይደለም። ቆርቆሮው 20 ዓመት ያገለግላል፤ እሱ ግን 20 ዓመት እንደሚቆይ ቃል የገባለት የለም።

ገበሬውም እንደዚሁ አንስቶ የሚሄደውንና ጥሎ የሚሄደውን ለይቶ ያውቃል። ጤፍ በ3 እና በ4 ወር ውስጥ ተዘርቶ ይታጨዳል፤ ስለዚህ ተሸክሞት የሚሄደው ነው። ከነጋዴ የሚገዛው ማዳበሪያም አብዛኛው ጉልበቱ በዚያው ክረምት ያልቃል፤ የአንድ ዓመት ተከራይም ሳይሰስት ይጨምረዋል። ፍግ ግን በሚቀጥለውም ዓመት፣ ከዚያም በኋላ ይሠራል። በአሲድ የተጎዳን አፈር ለማከም የሚበተነው ኖራ ጥቅሙ ለበርካታ ዓመታት ይዘልቃል፤ ወጪው ግን በመጀመሪያው ቀን ነው። እርከን ደለሉን ይዞ ደልደል ያለ መደብ እስኪሆን ዓመታት ይጠይቃል። እነዚህ ሁሉ ተከራዩ ጥሎ የሚሄዳቸው ናቸው።

ቡናን እንውሰድ። ችግኙ ከተተከለ በ3 ወይም በ4 ዓመቱ የመጀመሪያውን ፍሬ ያሳያል። የ3 ዓመት ውል ያለው ሰው ቡና ቢተክል የሚለቅመው አከራዩ ነው፤ እሱ ውኃ አጠጥቶ፣ አርሞ፣ ኮትኩቶ ባዶ እጁን ይወጣል። በ15 ዓመት ውል ግን 11 ያህል ለቀማ ይደርሰዋል፤ በ25 ዓመት ውል ደግሞ ከ20 በላይ። በአንድ አፈር ላይ፣ በአንድ ዝናብ፣ ቡና አብቃይ ወይም ጤፍ አብቃይ የሚያደርገን ውሉ ላይ የተጻፈችው ቁጥር ናት።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ የሚሠራው በውሉ ላይ የተጻፈው ጠቅላላ ዓመት ሳይሆን የቀረው ዓመት መሆኑ ነው። የ15 ዓመት ውል በ12ኛው ዓመት የ3 ዓመት ውል ነው። ሻማ ሲነድ እንደሚያጥር ውልም በየአዝመራው ያጥራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት እርከን ያሰረ ሰው በ13ኛው ዓመት የፈረሰውን ላይጠግን ይችላል፤ በ14ኛው ፍግ ማጋዝ ያቆማል፤ በ15ኛው ከአፈሩ የሚወጣውን ሁሉ አውጥቶ ለመሄድ ይፈተናል። ይህን ቀዳዳ የሚደፍነው አንድ መፍትሔ ነው፦ ተከራዩ ጥሎት የሚሄደው ነገር ተቆጥሮ ዋጋው እንዲከፈለው ማድረግ። ሕገ መንግሥታችን በዚያው አንቀጽ 40 ላይ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬት ላይ ላደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው ያስቀመጠው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በየመንደሩ በሚጻፉ የኪራይ ውሎች ውስጥ ይህ ነገር በስም ተጠቅሶ ማየት ከልብ የምመኘው ነው።

ኦሪት የቆጠረው አዝመራ

ሐሳቡ የዛሬ ኢኮኖሚስቶች ግኝት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሁሉ የሚያውቀው ኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ ስለ ኢዮቤልዩ ይናገራል። በ50ኛው ዓመት መሬት ወደ ቀድሞ ባለርስቱ ይመለሳል፤ መሬት ለዘላለም አይሸጥም፤ ባለቤቱ እግዚአብሔር ነውና። እንግዲህ በመካከሉ መሬቱን የሚወስድ ሰው ዋጋውን እንዴት ይወስን? መጽሐፉ የሚሰጠው መልስ እስከ ኢዮቤልዩ የቀሩትን ዓመታት ቁጠሩ የሚል ነው፤ ብዙ ዓመት ከቀረ ዋጋው ይጨምራል፣ ጥቂት ከቀረ ይቀንሳል። ምክንያቱንም ያስረዳል፤ የሚሸጠው የአዝመራው ቁጥር ነው። ስለ መሬት ኪራይ ካነበብኩት ሁሉ ይህን ያህል አጥርቶ የተናገረ አላገኘሁም።

በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን በዘመናዊ መልኩ ያዩታል። እዚያ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው መሬት የሕዝብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው መሠረታዊ ሕግ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በኪራይ የሚሰጥበት የተለመደው ዘመን 49 ዓመት ነው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አንባቢ አይስተውም።

የወረቀት ዓመትና የልብ ዓመት

እስከ አሁን ዓመት ስንል ወረቀት ላይ የተጻፈውን ነው። ገበሬ ግን ፍግ የሚያግዘው ወረቀት አንብቦ አይደለም፤ ልቡ ባመነው ልክ ነው።

ይህን የሚያሳየን የራሳችን ታሪክ ነው። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ አዲስ የተጋባ ወጣት በመጣ ቁጥር የገበሬ ማኅበሩ መሬት እየቀነሰ ያድል ነበር። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው ሽግሽግ ደግሞ ከአንዳንዱ እጅ ቀምቶ ለሌላው ሰጠ፤ በቀድሞው ሥርዓት ሹመት ነበራቸው የተባሉ ብዙ ይዞታቸውን አጡ። የተሰጣቸው መሬት አልባዎች ተጠቅመዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሽግሽጉ ግን ሳይነካቸው ያለፉትን ሰዎች ልብ ሁሉ ነካ። ባሕር ዛፍ ሊተክል የነበረው ሰው፣ ቆይ ነገ ምን ይመጣ ይሆን አለ። ያለመፈናቀል መብት በሕገ መንግሥቱ ተጽፎ ሳለ የሰው ልብ ከሚቀጥለው ስብሰባ አልፎ ሊያይ አልቻለም።

ባለፈው ምዕራፍ ስለ መሬት ልኬት ስንነጋገር ያየነው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ዋጋው እዚህ ላይ ይገለጣል። ትግራይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በገመድ እየለካ፣ የአገር ሽማግሌ ወሰን እያስመሰከረ፣ በትንሽ ወጪ ደብተር መስጠት ጀመረ፤ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ ተከተሉ። በአማራ ክልል ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጠፈ። በትግራይ የተደረጉ ጥናቶች ደብተር የያዙ ገበሬዎች ብዙ ዛፍ እንደተከሉ፣ እርከናቸውንም በተሻለ እንደጠገኑ አሳይተዋል። ደብተሩ አንዲት ስንዝር መሬት አልጨመረም። የጨመረው ገበሬው የሚያምናቸውን ዓመታት ነው።

ሌላም ነገር አደረገ። በሬ የሌላት ሴት መሬቷን ስታከራይ የምትፈራው መሬቱ እዚያው እንዳይቀርባት ነው፤ ያረሰው ሰው ሦስት አራት ዓመት ካረሰ በኋላ የኔ ነው ቢል ማን ይመሰክርላታል? ስለዚህ ለዘመድ በዝቅተኛ ዋጋ ትሰጣለች፤ ወይም በየዓመቱ ሰው ትቀያይራለች። ደብተሩ በእጇ ሲገባ ግን ለተሻለ አራሽ፣ ለረዘመ ጊዜ ለመስጠት ደፈረች። የአከራዩ እምነት ሲረዝም የተከራዩም ዓመት አብሮ ይረዝማል።

ቻይናም በዚሁ መንገድ ነው የሄደችው፤ ባጭሩ ልጥቀሰው። እ.ኤ.አ. በ1978 የሺያዎጋንግ መንደር 18 ገበሬዎች የኅብረት እርሻውን በድብቅ ለየቤተሰቡ ተከፋፈሉት። መሬቱ የኅብረቱ እንደሆነ ቀረ፤ የቤተሰቡ የሆነው ጊዜው ነው። መንግሥት በ1984 የውሉን ዘመን ወደ 15 ዓመት፣ በ1993 ደግሞ ሲያበቃ በ30 ዓመት እንዲታደስ አደረገ፤ በ2017 ያ ሲያልቅ ሌላ 30 ዓመት እንደሚጨመር አስታወቀ። ማራዘሚያውን ቀደም ብሎ መንገር የተፈለገው ሻማው አልቆ ከመጥፋቱ በፊት ገበሬው እንዲያምን ነው።

ባሮ ዳር 50 ዓመት

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው፣ እንግዲያው ረጅም ዓመት መስጠት ነው መድኃኒቱ ሊል ይችላል። ጋምቤላ ይህን ያፈርሰዋል።

በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ የግብርና ሚኒስቴር ካሩቱሪ ከተባለው የሕንድ ኩባንያ ጋር ውል ፈረመ። ኩባንያው በጽጌረዳ ንግድ የታወቀ ነበር። የተሰጠው መሬት 100,000 ሄክታር፣ ዘመኑ 50 ዓመት፣ ኪራዩ በሄክታር በዓመት 20 ብር። በጥማድ የለመድን ሰዎች ይህን ለመገመት እንቸገራለን፤ አንድ ሄክታር 4 ጥማድ ያህል ስለሆነ 400,000 ጥማድ ማለት ነው። ለዚያ ሁሉ የሚከፈለው በዓመት 2 ሚሊዮን ብር ነው። ዓመቱ ረጅም፣ ኪራዩ ርካሽ፣ ውሃው ቅርብ ነበር። ሆኖም ባሮ ሞልቶ የበቆሎ ማሳውን አጥለቀለቀው፤ ኩባንያው ከተረከበው መሬት ጥቂቱን ብቻ አለማ፤ በ2008 ዓ.ም. መንግሥት ውሉን ሰረዘ።

ከ50 ዓመት ጋር እንዴት ይህ ሊሆን ቻለ? የመጀመሪያው ምክንያት በርካሽነቱ ውስጥ አለ። ምሳ ሰዓት ላይ ምግብ ቤት ገብቶ ስድስት ወንበር የያዘ ሰው አስቡ። ወንበር መያዝ ዋጋ ከሌለው ጓደኞቹ ይምጡ አይምጡ አይጨነቅም፤ የራበው ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር የሚከፍል ተከራይ መሬቱ ጦም ቢያድር የሚሰማው ነገር የለም። ኪራይ ለመንግሥት ገቢ ብቻ አይደለም፤ ተከራዩን በየዓመቱ ቀስቅሶ፣ ዘንድሮ ምን ሠራህ? የሚል ጠያቂ ነው። እዚያ ጠያቂው ድምፁ አልተሰማም።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ያሳዝነኛል። በካርታ ላይ መሬቱ ባዶ ተብሎ ነበር። አኙዋክ ግን ከወንዙ ዳር እያረሰ፣ መሬቱ ሲደክም እያሳረፈ፣ ቦታ እየለወጠ ይኖራል፤ ኑዌር ከብቱን ከውኃው መሙላትና መጉደል ጋር ያንቀሳቅሳል። ያረፈ መሬት ጥቂት ዓመት ቆይቶ የሚታረስ ነው፤ ቀድሞ የተቆጠረ አዝመራ አለበት። የተቆጠረው ግን በሰዎቹ ልብ እንጂ በቢሮ መዝገብ ስላልነበረ፣ የሌላ ሰው ዓመት ላይ 50 ዓመት ተደረበ። በዚያው ጊዜ በክልሉ የተካሄደው ሕዝብን በመንደር የማሰባሰብ ፕሮግራም ያስነሣው ብርቱ ክርክርም ከዚሁ ቁስል ጋር የተገናኘ ነበር። ኋላ ላይ በተደረገ ማጣራት ደግሞ በጋምቤላ አንዱ ባለሀብት የያዘው መሬት ከሌላው ጋር ተደራርቦ ተገኘ። ባለፈው ምዕራፍ ያልነው የልኬት ስሕተት እዚህ ላይ የዓመት ስሕተት ሆኖ ይታያል፤ ያንኑ አዝመራ ለሁለት ሰው መሸጥ ነውና።

ደብተሩ ባንክ ሲሄድ

ድሮ በገጠር ወለድ አገድ የሚባል ውል ነበር። ገንዘብ የቸገረው ባለርስት መሬቱን ለአበዳሪው ይሰጣል፤ አበዳሪው ብድሩ እስኪመለስለት አርሶ ይበላል፤ የሚበላው እህል በወለድ ፋንታ ነው። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። ሰዎች ዓመትን እንደ ገንዘብ ማስያዝ የጀመሩት ባንክ ከመምጣቱ በፊት መሆኑ ነው።

ሕጋችን ይህን ጉዳይ የያዘበት መንገድ ለረጅም ጊዜ ፍትሐዊ አልነበረም። በአዋጅ 456 መሬት የተከራየ ባለሀብት የመጠቀም መብቱን ለብድር ማስያዝ ይችላል ተብሎ ተጻፈ። ገደብ የሌለው ዘመን ያለው ገበሬ ግን ያን መብት አላገኘም። የ25 ወይም የ50 ዓመት ባለቤት ባንክ ሲገባ ወንበር ይሳብለት ነበር፤ ዘላለም ያለው ሰው በር ላይ ይቆም ነበር። የ2016ቱ አዋጅ ቁጥር 1324 ገበሬውም የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ በር ከፈተ። መሬቱ አይሸጥም፤ ብድሩ ባይከፈል አበዳሪው የሚያገኘው የተወሰኑ ዓመታትን ነው። ስለዚህ አሁን የባንክ ሠራተኛውም እንደ ኦሪቱ ሰው አዝመራ መቁጠር ሊማር ግድ ነው፤ ይህ መሬት በዓመት ስንት ኩንታል ይሰጣል? በስንት ዓመት ብድሩን ይመልሳል?

መቁጠሩ በመንደር ደረጃ እንዴት እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ እንየው። እንበል አንድ ጎልማሳ ባለበሬ ከጎረቤቱ 2 ጥማድ ለ15 ዓመት ሊይዝ ነው፤ የመስኖ ውኃ ደርሷል፤ አቮካዶ መትከል ይፈልጋል። ቤቷ ሄዶ ቡና እየጠጡ፣ "እትዬ፣ ዛፉን ስተክለው የእኔ ነው፣ ስወጣ የእርስዎ ነው፤ መካከሉን እንዴት እናድርገው?" ይላታል። እሷም ልጆቿ ደብተሩ ላይ ድርሻ ስላላቸው ሳይስማሙ እንደማትፈርም ትነግረዋለች፤ ትክክል ናት፤ ሕጉም የባለመብቶቹን ሁሉ ፈቃድ ይጠይቃል። ሽማግሌዎች ተጠርተው የዛፉ ቁጥር ይጻፋል። ከ12ኛው ዓመት ጀምሮ እርከኑን የሚጠግንበት ጉልበት በቀን ተሰልቶ ከኪራዩ ይቀነስለታል። በ15ኛው ዓመት የቆሙት ዛፎች ይቆጠራሉ፤ ለእያንዳንዱ የምትከፍለው ዋጋ ወይም በፍሬው እኩል የሚካፈሉባቸው ተጨማሪ ዓመታት ከወዲሁ ይወሰናሉ። ውሉ ወረዳ ሄዶ ይመዘገባል። የሚያበቃበት ቀን ሲጻፍ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሰኔ 30 የሚለውን ያሰርዛሉ፤ በሰኔ የወጣ ሰው ሌላ ማሳ አያገኝም፣ የሚገባውም ለእርሻ አይደርስም። ጥር 30 ተብሎ ይጻፋል፤ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ፣ በሬውም ካረፈ በኋላ።